ለእያንዳንዱ አፍላ ወጣት ተማሪ አማካሪ መምህር ብንመድብ ምን ይገጥመናል?

ምክትል ርእሰ መምህር (አዲስ አበባ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሚያስተምር አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በምክትል ርእሰ መምህርነት እሠራለሁ። በመጪው መስከረም ልንጀምረው ያሰብነውን አሠራር ከማጽደቃችን በፊት መምህራንም፣ ወላጆችም፣ ተማሪዎችም ሳይሳሱ እንዲተቹት ስለፈለግሁ እዚህ አቅርቤዋለሁ።

አሁን ያለን አሠራር ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ አይደለም። ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ይቆማል፤ ክፍል ውስጥ ያጠፋ እንደሆነ ሆምሩም መምህሩ ለዩኒት ሊደሩ ያስተላልፈዋል፤ ዩኒት ሊደሩ መዝገብ ላይ አስፈርሞ «ወላጅ ይዘህ ና» ይለዋል፤ ወላጅ ሲመጣ ሁላችንም በየተራ ልጁን እንወቅሰዋለን፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «ሁለተኛ አይለመደኝም» ይላል። ብዙ ሳይቆይ ያው ልጅ እዚያው መዝገብ ላይ ይፈርማል። መዝገቡን ስገልጥ ጥፋቱ ከነቀኑ በዝርዝር ተጽፎ አገኛለሁ፤ ምክንያቱ ግን የትም የለም። በማርፈድ ደጋግሞ የፈረመ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረን። ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው የአትክልት ገበያ ገና ሳይነጋ ከመኪና ሽንኩርት ሲያራግፍ ቆይቶ እንደሚመጣ ያወቅነው ትምህርቱን አቋርጦ ከሄደ በኋላ፣ እሱም ከጓደኞቹ ሰምተን ነው።

«ሆምሩም መምህር አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ፤ ነገር ግን የሚረከበው ከ60 የሚበልጡ ልጆች የታጨቁበትን ክፍል ሲሆን፣ ሥራውም ስም መጥራት፣ ሮስተር መሥራትና ካርድ መሙላት ሆኖ ቀርቷል። ልጆቹ ክፍል በተዛወሩ ቁጥርም ሰውየው ይቀየርባቸዋል።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ርእሰ መምህሩን፣ የቤተ መጻሕፍቱንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ጨምሮ እያንዳንዱ የትምህርት ሠራተኛ ከ20 የማይበልጡ ተማሪዎችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይረከባል፤ 12ኛን እስኪጨርሱም አብሯቸው ይቆያል። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 40 ደቂቃ፣ በቡድን ይገናኛሉ፤ በየተራ ደግሞ እያንዳንዱን ለብቻ ያነጋግራል። ተማሪው ሲያጠፋ ከዩኒት ሊደሩም ከወላጁም በፊት የሚጠየቀው ይህ መምህር ይሆናል። የት ላይ እንደሚሰበር ንገሩኝ።


የሒሳብ መምህር

ክቡር ምክትል ርእሰ መምህር፣ የት ላይ እንደሚሰበር ለመናገር ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ የሚሰበረው ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። በሳምንት ከ20 በላይ ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። የእያንዳንዱን ክፍል ደብተር አርማለሁ፤ ተከታታይ ምዘናውን እሞላለሁ፤ ማታ ደግሞ ደመወዙ ወር ስለማያደርስ ሰው ቤት እየሄድሁ አስጠናለሁ። እርስዎ «በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ» ሲሉ ያ ክፍለ ጊዜ ከየት ተቀንሶ እንደሚመጣ አልነገሩንም። ካልተቀነሰ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ተጨማሪ ሥራ ደግሞ በወረቀት ላይ ብቻ ይሠራል።

ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን «አንድ ለአምስት»ን ስላየሁ ነው። አምስት ተማሪ በአንድ ጎበዝ ተማሪ ሥር ተደራጅቶ ይረዳዳል የሚለው ሐሳብ በራሱ ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን በየሳምንቱ ቃለ ጉባኤ ይቅረብ ተባለ፤ ልጆቹም ሳይሰበሰቡ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ተማሩ፤ እኛም ሳናነብ መፈረም ተማርን፤ ሱፐርቫይዘሩም ፋይሉ መሙላቱን አይቶ አመስግኖን ሄደ። የእርስዎ አማካሪ መምህርም ቅጽ የወጣለት ዕለት ያበቃለታል።

ሌላም አለ። ሁሉም መምህር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከመምህራን ክፍል ባልደረቦቼ መካከል የገዛ ልጄን አምኜ የምሰጣቸው አሉ፤ ጎረምሳ ሲያዩ ደማቸው የሚፈላም አሉ። «እያንዳንዱ ሠራተኛ» የሚለው ቃል ለቁጥሩ መሙያ የገባ ይመስለኛል።


የ8ኛ ክፍል ተማሪ እናት

የመምህሩ ምላሽ እውነትነት ቢኖረውም ነገሩን ከልጆቹ በኩል፣ ይልቁንም ከሴቶች ልጆች በኩል ላሳያችሁ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ትማርበት በነበረው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለች የወር አበባዋ ድንገት መጣባት። ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችው። አንድ መምህር ሹራብ ወገብ ላይ ማሰር የደንብ ልብስ ሥርዓት መጣስ ነው ብሎ በተማሪ ሁሉ ፊት እንድትፈታው አዘዛት። አልፈታም አለች። «እምቢተኛ» ተብላ መዝገብ ላይ ተጻፈችና እኔ ተጠራሁ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ጥቂት ቀናት ሆዴን አመመኝ እያለች መቅረት ጀመረች።

መምህሩ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ በጭንቅላቱ ውስጥ ነገሩ ጨርሶ አልነበረም። የደንብ ልብስ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሲሰበሰቡም በመካከላቸው አንዲት ሴት መምህር ኖራ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። መጸዳጃ ቤቱ ውኃም መቀርቀሪያም አልነበረውም፤ ሞዴስ የሚገኘው ደግሞ ከቢሮ ነው፤ ቢሮው የወንድ ነው። እስቲ የትኛዋ ልጅ ናት በሩን አንኳኩታ የምትጠይቀው?

ስለዚህ አማካሪ መምህር የሚለውን ሐሳብ እደግፈዋለሁ፤ ሴት ልጅ ሴት መምህር መምረጥ የምትችል ከሆነ ብቻ። አንድ ትልቅ ፍርሃትም አለኝ። ልጄ ለአንዲት መምህር በምሥጢር የነገረቻትን የቤታችንን ጉዳይ በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ስም ሳይጠራ ግን ሁሉም በሚያውቀው መንገድ፣ ለምሳሌነት ሲነገር ሰምቻለሁ። ልጆቻችን እንዲናገሩ ከማበረታታታችሁ በፊት የመምህራን ክፍል ወሬ ማቆሚያ ደንብ አውጡ።


ጡረተኛ መምህር (ደሴ)

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብሁ። የእኅታችን ልጅ የደረሰባት ነገር ያሳፍራል፤ በእኔ ዘመን ይህን ያደረገ መምህር በባልደረቦቹ ይገሠጽ ነበር። ይሁን እንጂ ሐሳቡን በጥርጣሬ ነው የማየው።

ዛሬ ትምህርት ቤት ስገባ የሚታየኝ ተማሪ መምህሩን የሚያሳልፍበት ሳይሆን መምህሩ ለተማሪው መንገድ የሚለቅበት ኮሪደር ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ደግሞ ሁላችን እናውቀዋለን። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛውሮ ኩረጃው ሲዘጋ፣ በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ግን ከመቶው ከዘጠና በላዩ ይወድቃል ማለት ነው። ለዚህ ትውልድ የጎደለው የሚያነጋግረው ሰው ነው ወይስ የሚቆጣጠረው? ልጁን ለጥፋቱ ሁሉ «ለምን?» ብላችሁ በጠየቃችሁት ቁጥር ምክንያት ማምረት ይማራል። እኔ ካስተማርኋቸው ውስጥ ምክንያት የሚደረድርልኝ አልነበረም፤ ምክንያት ግን አያጡም ነበር።

በጉልምስናዬ ያስተማርሁበት ከተማ ትንሽ ስለነበረ የእያንዳንዱን ልጅ ቤት አውቅ ነበር። አባቱ ገበያ ላይ ያገኘኝና «መምህር፣ ያ ልጅ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። ያንን ያደረገው ቅጽም ክፍለ ጊዜም አልነበረም።


የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና አማካሪ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ በመጨረሻው አንቀጽዎ ላይ የጻፉት ምክትል ርእሰ መምህሩ ሊሠሩት የፈለጉት ነገር መሆኑን ልብ ይሏል። ልጁ የተጠነቀቀው ዱላ ፈርቶ ብቻ ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ስለነበረ ነው። በአንድ ክፍል 60 ልጅ ባለበት ከተማ ውስጥ ግን መምህርና አባት ገበያ ላይ አይገናኙም፤ ስለዚህ ድሮ በሰፈሩ ትንሽነት በነጻ ይገኝ የነበረውን ዛሬ በሥርዓት መሥራት ግድ ሆኗል።

ስለ ቁጥጥር ግን ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። በ2005 እ.ኤ.አ. ጋርድነርና ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት ሦስት የዕድሜ ክልል ያላቸውን ሰዎች፣ ማለትም ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22 እንዲሁም ከ24 ዓመት በላይ የሆኑትን፣ የመኪና መንዳት የኮምፒዩተር ጨዋታ አጫወቷቸው። ቢጫ መብራት ሲበራ ማቆም ወይም መንዳቱን መቀጠል የተጫዋቹ ምርጫ ነው። እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው ሲመለከቷቸው ተጫዋቾቹ ይበልጥ ደፋር ሆኑ፤ ይህ የእኩዮች ተጽዕኖ ከትልልቆቹ ይልቅ በታዳጊዎቹ ላይ በርትቶ ታየ። አንድን የ15 ዓመት ልጅ በ60 ጓደኞቹ ፊት አስነሥቶ መገሠጽ ማለት እንግዲህ ለድፍረት በጣም በተመቸው ቦታ ላይ እንዲመርጥ ማድረግ ነው፤ መምህሩን ይታዘዛል ወይስ በጓደኞቹ ዘንድ ክብሩን ያድናል? ያቺ ልጅ «አልፈታም» ያለችው ለዚህም ጭምር ነው። ያንኑ ቃል በኮሪደር ጥግ ለብቻዋ ብትባል ኖሮ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። ሥርዓት ማስከበር ይኑር፤ ቦታው ግን ይቀየር። ዱላውን በተመለከተ ክርክር አያስፈልገንም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጎታል። ሽንኩርት የሚያራግፈውን ልጅ በር ላይ በድንጋይ ላይ ማንበርከክም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ማርፈድን ካነሣን አይቀር፣ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይገፋል። ልጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኛ ሲባል ዓይኑ አልከደን የሚለው ስልኩ ብቻ ስለያዘው አይደለም፤ ስልኩ ያባብሰዋል እንጂ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 እ.ኤ.አ. የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2:30 በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ መክሯል፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ይህንኑ ሕግ አድርጋዋለች። እኛ ዘንድ ሰርቪስ ለመያዝ ከሌሊቱ 11:30 የሚነሣ ልጅ ብርቅ አይደለም። ምክትል ርእሰ መምህር፣ የትምህርት መጀመሪያ ሰዓትን መቀየር በእርስዎ ሥልጣን ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሒሳብና የፊዚክስ ፈተናን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማውጣት በእርስዎ እጅ ነው።

አሁን ወደ እናትየዋ ፍርሃት ልምጣ፤ አሠራሩ ከጊዜ እጦት ቀጥሎ ሊሞት የሚችለው በዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል እንዳለበት ይገልጻል። ስለዚህ 20 ልጅ የተረከበ መምህር ከመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት የሚሆኑት ከእሱ ዐቅም በላይ የሆነ ነገር ይዘው ሊመጡ እንደሚችሉ አውቆ ይጀምር። አማካሪ መምህር ሐኪም አይደለም፤ ንስሐ አባትም አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለልጆቹ ግልጽ ቃል ይስጥ። «የምትነግሩኝን ለማንም አልናገርም፤ ነገር ግን ራሳችሁን ልትጎዱ እንደሆነ፣ የሚጎዳችሁ ሰው እንዳለ፣ ወይም ያለ ዕድሜያችሁ ልትዳሩ እንደሆነ ከሰማሁ ለሚመለከተው አንድ ሰው እነግራለሁ፤ ከመንገሬ በፊትም ለእናንተው አሳውቃለሁ።» ያ «አንድ ሰው» ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ። ከልጁ የሰማውን ዝርዝር በፋይል አያኑር፤ «ተነጋግረናል» የሚል ቀንና ፊርማ ይበቃል። የሒሳብ መምህሩ ስለ ቃለ ጉባኤ ያሉት በዚህ በኩል ለልጆቹም ጥበቃ ነው።


የ11ኛ ክፍል ተማሪ

እኔም ተማሪ ስለሆንኩ አስተያየቴን በትሕትና ላቅርብ።

ጋሼ ስለ ቁጥጥር የተናገሩትን አከብራለሁ። ግን አንድ የማይታይ ነገር አለ። 9ኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። እኔ ከክፍለ ሀገር ነው የመጣሁት። ባዮሎጂ መምህሯ ጠየቀችኝ፤ መልሱን በአማርኛ አውቀዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ ልናገር ስሞክር ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እጄን ማውጣት ተውኩ፤ ኋላ ወንበር ሄጄ ከሚረብሹት ጋር ተቀመጥኩ፤ ከአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና በኋላ «ረባሽ» ተባልኩ። ረባሽ ሲሉህ ቢያንስ ደደብ አይሉህም። የምረብሽበትን ምክንያት ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝም በሰው ፊት አልናገርም ነበር። አማካሪዬ የሆነ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ የባዮሎጂውን ቃላት በየምዕራፉ አብረን እናጥና» ቢለኝ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር ብዬ አስባለሁ። ምክር ማለት ሁሌ ስለ ሕይወት ማውራት አይደለም።

ሁለተኛ፣ እባካችሁ አማካሪያችንን እኛም እንምረጥ፤ ቢያንስ ሦስት ስም ጽፈን እንስጥ። ሦስተኛ፣ የቡድኑ ክፍለ ጊዜ በየሳምንቱ ስለ ሱስና ስለ ቲክቶክ መመከሪያ ከሆነ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ማንም አይመጣም።


አባት (ነታንያ፣ እስራኤል)

ውይይቱን ከሩቅ ሆኜ ስከታተል የሒሳብ መምህሩ ያነሡት የጊዜ ጥያቄ እዚህ እንዴት እንደተመለሰ ብነግራችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ማኅበር ከመንግሥት ጋር የተፈራረመው ውል የመምህሩን ሙሉ የሥራ ሳምንት 40 ሰዓት አድርጎ ሲከፍለው፣ 24ቱ የክፍል ማስተማሪያ፣ 6ቱ ከአንድ ወይም ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ለብቻ የሚሠራባቸው፣ 10ሩ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ተቀምጦ የሚያርምባቸውና የሚያዘጋጅባቸው ሆኑ። ስድስቱ ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ደመወዝ ይከፈልበታል። ያለዚያ የልጄ መምህር በሳምንት ውስጥ ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ ለማውራት ጊዜ የሚያገኝ አይመስለኝም። የኢትዮጵያ በጀት ይህን ሁሉ አይችልም ይሆናል፤ ግን መርሑ ያው ነው፤ ጊዜ ያልተመደበለት ሥራ የለም።

ከዚያው አገር የሚነገር ማስጠንቀቂያም አለኝ። በ1991 እ.ኤ.አ. ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጓጓዙበት በዘመቻ ሰሎሞን ስመጣ 13 ዓመቴ ነበር። እንደ አብዛኞቹ የዕድሜ እኩዮቼ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላክሁ። እዚያ የሚያስብልኝ መሪ ነበረ፤ ቋንቋውን ያስተማረኝ፣ ያስተካከለኝ እሱ ነው፤ ውለታውን አልረሳም። ነገር ግን ስለ እኔ ማንኛውም ነገር የሚወሰነው ከእሱ ጋር ስለነበረ አባቴ ቀስ በቀስ እንግዳ ሆነ። በዓል ላይ ቤት ስመጣ ምን እንደምማር እንኳ አይጠይቀኝም ነበር፤ መጠየቅ የሱ ፋንታ አልመሰለውም። ምክትል ርእሰ መምህሩ «ከወላጅ በፊት የሚጠየቀው አማካሪ መምህሩ ይሆናል» ብለው ጽፈዋል። እባክዎ ይህችን ዐረፍተ ነገር ደግመው ያስቧት። ጥሩ አማካሪ ያለው ልጅ ወላጁን የሚያጣ ከሆነ ኪሣራ ነው።


ወላጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አጭር ነገር ልጨምር። እዚህ የትምህርት ቤት አማካሪ የሚባል ራሱን የቻለ ሙያ አለ፤ የሙያ ማኅበራቸው ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ይበቃል ቢልም ከዚያ በላይ የሚይዙ ብዙ ናቸው። የእኛ የኢትዮጵያውያን ወላጆች ችግር ግን የቁጥሩ አይደለም፤ ከአማካሪው ኢሜይል ሲመጣ «ልጄ ምን አጠፋ?» ብለን እንደነግጣለን። ከትምህርት ቤት የምንጠራው ለክስ ብቻ የሆነበት ልማድ ይዘን ስለመጣን ነው። የእናንተ አማካሪ መምህር ለወላጅ የሚደውለው የመጀመሪያ ስልክ ልጁ ምንም ሳያጠፋ ይሁን። «የልጅዎ አማካሪ ነኝ፤ ስልኬ ይኸው» ማለት በቂ ነው።


ጡረተኛ መምህር (ደሴ)

የ11ኛ ክፍሉን ልጅ ጽሑፍ አነበብሁ። «ረባሽ ሲሉህ ቢያንስ ደደብ አይሉህም» ያለውን ብዙ መምህር ቢያነበው ደስ ይለኛል። ስለ ቁጥጥር ያልሁትን አልተውሁም፤ በፈተና የኮረጀ፣ መምህሩን የዘለፈ ተማሪ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ቅጣቱን መቀበል አለበት። አማካሪ አለው ተብሎ ቅጣት የሚቀርለት ከሆነ ለሌሎቹ ተማሪዎች ግፍ ነው። ቅጣቱ በሰው ፊት መሆን እንደሌለበት ግን ከሐዋሳዋ ባለሙያ ጋር እስማማለሁ።


ምክትል ርእሰ መምህር (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጽሑፎቹን አትሜ ለመምህራን ስብሰባ ይዣቸው ገብቼ ነበር፤ ከብዙ ክርክር በኋላ የደረስንበትን ላሳውቃችሁ።

«እያንዳንዱ ሠራተኛ» የሚለውን ትተነዋል። በፈቃዳቸው የተመዘገቡ መምህራን ብቻ ይጀምራሉ፤ ቁጥሩ ለሁሉም ተማሪ ስለማይበቃ የመጀመሪያውን ዓመት በ9ኛ ክፍል ብቻ እንወስናለን። 9ኛን የመረጥነው ልጆቹ ከተለያየ ትምህርት ቤት ስለሚመጡና የቋንቋው ለውጥ በዚያው ዓመት ስለሚያጋጥማቸው ነው። ከሳምንታዊው 40 ደቂቃ በየሁለት ሳምንቱ አንዱ ለትምህርት ድጋፍ፣ ይልቁንም ለእንግሊዝኛው የትምህርት ቃላት ይውላል። ተማሪዎች ሦስት ስም ጽፈው ይሰጣሉ፤ ሴት ተማሪዎች ሴት አማካሪ እንደሚያገኙ ዋስትና ተሰጥቷል፤ ይህ ደግሞ ለጥቂት ሴት መምህራኖቻችን ሸክም ስለሚያበዛ ከእነሱ ላይ የበር ተረኝነቱን አንሥተናል። ከወላጅ በፊት የሚለው «ከወላጅ ጋር» ተብሎ ተስተካክሏል፤ የመጀመሪያው ስልክም በመስከረም ውስጥ፣ ከማንኛውም ጥፋት በፊት ይደወላል። የደንብ ልብስ ደንቡን እንዲያይ ሴት መምህራን ብቻ ያሉበት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሞዴሱም ከቢሮ ወጥቶ በሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ በሚገኝ ሣጥን ይቀመጣል። የቅጣት ደንቡ ግን እንዳለ ይቆያል፤ ጋሼ እንዳሉት አማካሪ ያለው ተማሪ ከቅጣት ነፃ አይሆንም፤ አማካሪው ቅጣቱ ሲነገረው አብሮት ይቀመጣል እንጂ።

ያልተፈታው የክፍለ ጊዜው ጉዳይ ነው። ለአማካሪዎች ከሳምንታዊ ጭነታቸው ሁለት ክፍለ ጊዜ እንዲቀነስላቸው ለክፍለ ከተማው ጠይቀናል፤ መልስ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ እኔና ዋናው ርእሰ መምህር የተወሰኑ ክፍለ ጊዜዎችን ራሳችን ልናስተምር ተስማምተናል፤ እኔ ፊዚክስ ነው የተማርሁት፤ ጠመኔ ከያዝሁ ቆይቻለሁ እንጂ አልረሳሁትም።


የ8ኛ ክፍል ተማሪ እናት

የሣጥኑን ጉዳይ በማንሣትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሣጥኑን ማን እንደሚሞላው ግን ከአሁኑ ይወሰን፤ በጥቅምት ባዶ ሆኖ እስከ ሰኔ ባዶውን እንዳይቀመጥ። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ በየወሩ ከሚሰበስበው መዋጮ ላይ ብትመድቡለት ወላጅ የሚቃወም አይመስለኝም። መቀርቀሪያውም ከአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ የማይበልጥ ነው።


የሒሳብ መምህር

እኔ የምሠራው ሌላ ትምህርት ቤት ስለሆነ ከእርስዎ ጋር መመዝገብ አልችልም፤ ይህን ጽሑፍ ግን ለርእሰ መምህራችን አሳይቼዋለሁ። «አንተ ትጀምረዋለህ?» አለኝ። ሁለት ክፍለ ጊዜ በደብዳቤ ከተቀነሰልኝና ቅጽ ካልተሰጠኝ እጀምራለሁ አልሁት። ደብዳቤውን እየጠበቅሁ ነው። ክፍለ ከተማው ለእርስዎ የሚሰጠውን መልስ እዚሁ ቢለጥፉልን ለእኛም መከራከሪያ ይሆነናል።